የተክልን ሴል አዝዞ ምግብ የሚያሠራው ኔማቶድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲማቲም ወይም ቃሪያ ስትነቅሉ ስሩ እዚህም እዚያም አብጦ፣ ተጣሞ፣ ቋጠሮ ቋጠሮ ሠርቶ ካገኛችሁት ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ኔማቶድ ነው። ስለዚህ ትል ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው «እንዴት ይጠፋል?» ብሎ ነው። እኔ ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። እዚያ እባጭ ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው? ትሉ ስሩን እየቦረቦረ አይደለም። ተክሉ በራሱ ሴሎች፣ በራሱ ጉልበት እንዲመግበው እያደረገ ነው። ይህን የተረዳ ገበሬም ሆነ የጓሮ አትክልት አልሚ የሚወስደው እርምጃ ይለያል። የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከታች መልሻለሁ።

ለመሆኑ ኔማቶድ ምንድን ነው?

ክር የመሰለ ቀጭን ትል ነው። ከምድር ትል ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። በአፈር፣ በወንዝ፣ በባሕር፣ በእንስሳና በሰው ሆድ ውስጥ ሳይቀር ይኖራል። ሁላችንም የምናውቀው ወስፋት ራሱ ኔማቶድ ነው።

አፈር ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ምንም አያስቸግሩንም። ባክቴሪያና ፈንገስ እየበሉ ንጥረ ነገሩን መልሰው ለአፈሩ ይሰጣሉ። ስለዚህ ኔማቶድ ሲባል ሁሉንም እንደ ጠላት ማየት ስህተት ነው። ተክል ላይ ጥገኛ ሆነው የሚኖሩት ከ4,000 በላይ ዝርያዎች ተለይተዋል። ከነዚህ ውስጥ ከባድ ጉዳት የሚያደርሱት ጥቂት ናቸው። እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ ስር አሳባጮቹ ነው። ሳይንሳዊ የወገን ስማቸው ሜሎይዶጋይን ይባላል፤ ወደ 100 የሚሆኑ ዝርያዎች አሏቸው። በጣም የታወቀው ሜሎይዶጋይን ኢንኮግኒታ ነው። ይህ አንድ ዝርያ ብቻውን ከአትክልት እስከ ጥጥ፣ ከአበባ እስከ ፍራፍሬ በሺህ የሚቆጠሩ የተክል ዓይነቶች ላይ ይራባል።

አዲስ ችግር ነው?

አይደለም። በ1855 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የፈንገስ ተመራማሪ በመስታወት ቤት ያደገ የኪያር ስር ላይ እባጩን አይቶ ጽፏል። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ኤሚል ጎልዲ ብራዚል ውስጥ የቡና ስር የሚያሳብጠውን ትል መርምሮ ሜሎይዶጋይን የሚለውን ስም አወጣለት። ቡና ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ይህ ትል ከጓሮ አትክልት ባሻገር ትልልቅ የገበያ ሰብሎችንም ይነካል።

ትሉ ስሩን እንዴት ያገኘዋል? በየት በኩልስ ይገባል?

ከእንቁላል የሚወጣው ልጅ ትል ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በዓይን አይታይም። ስር ወደ አፈር የሚለቃቸውን ኬሚካሎች እያሸተተ፣ በአፈር ቅንጣቶች መሀል ባለው ስስ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ይመጣል። ሌላ ምግብ አይዝም። እንቁላል ውስጥ የተሰጠው ስብ ብቻ ነው ስንቁ። ስሩን ሳያገኝ ስንቁ ካለቀ ይሞታል።

ሲደርስ የሚገባው በስሩ ጫፍ አካባቢ ነው፤ ስሩ እየረዘመ ባለበት ለስላሳ ቦታ። አፉ ውስጥ ስታይሌት የሚባል መርፌ መሰል ነገር አለ። መሀሉ ክፍት ነው፤ ይወጋበታል፣ ይረጭበታል፣ ይመጥበታል። እየወጋ ግድግዳ የሚያላላ ኢንዛይም ይረጫል፤ በሴሎቹ መካከልም ይሾልካል። ሴሎቹን አይገድላቸውም።

ከዚያ የሚያደርገው ነገር ይገርማል። ሊደርስበት የሚፈልገው የስሩ መሀል ነው፤ ውሃና ስኳር የሚተላለፍባቸው ቧንቧዎች ያሉበት ቦታ። ግን ያንን ክፍል ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ ቀበቶ ከብቦታል። ስለዚህ በቀጥታ አይሰብረውም። መጀመሪያ ቁልቁል ወደ ስሩ ጫፍ ይወርዳል፤ ቀበቶው ገና ያልተሠራበት ቦታ ላይ ይታጠፍና ተመልሶ በመሀሉ ሽቅብ ይወጣል። አጥር ከመስበር ይልቅ አጥሩ የሚያልቅበትን ይዞራል ማለት ነው።

ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ምን ያደርጋል?

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ትሉ ቧንቧዎቹ አጠገብ ጥቂት ሴሎች ይመርጣል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ናቸው። ጭንቅላቱን በመሀላቸው አድርጎ በየተራ በስታይሌቱ ይወጋቸዋል። የሴሉን ግድግዳ ይበሳል፤ ውስጠኛውን ስስ ሽፋን ግን አይቀድም። ሽፋኑ ከተቀደደ ሴሉ ይሞታል፣ የሞተ ሴል ደግሞ ለዚህ ትል አይጠቅመውም። በስታይሌቱ በኩል ከጉሮሮው ዕጢዎች የሚመነጭ ፈሳሽ ያስገባል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሴሎቹ መለወጥ ይጀምራሉ።

ለውጡን ለመረዳት ጤነኛ ሴል እንዴት እንደሚከፈል ማስታወስ ያስፈልጋል። ሴል ሲከፈል መጀመሪያ ኒውክለሱ ሁለት ይሆናል። ከዚያ በመሀላቸው አዲስ ግድግዳ ይሠራል። ሁለት ሴል ሆነ ማለት ነው። ትሉ የወጋው ሴል ውስጥ ግን ኒውክለሱ ይከፈላል፤ ግድግዳው መሠራት ይጀምርና ሳይጠናቀቅ ይቀራል። ኒውክለሶቹ እንደገና ይከፈላሉ። አሁንም ግድግዳ የለም። እንደገና። በመጨረሻ አንዱ ሴል እስከ 100 የሚደርሱ ኒውክለሶች ይዞ ይገኛል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ኒውክለስ ሳይከፈል በውስጡ ያለውን ዲኤንኤ ደጋግሞ ያባዛል። ሴሉ ከጎረቤቶቹ እስከ 400 እጥፍ ይገዝፋል። ተመራማሪዎች ግዙፍ ሴል የሚሉት ይህንን ነው።

ግዙፉ ሴል ውስጡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። በተለመደው የተክል ሴል ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው የውሃ ከረጢት ተበጣጥሶ ትንንሽ ይሆናል። ቦታውን ጉልበት የሚያመነጩና ፕሮቲን የሚሠሩ ክፍሎች ይሞሉታል። ከውሃ ቧንቧው ጋር በሚዋሰንበት በኩል ግድግዳው ወደ ውስጥ ጣት ጣት እያወጣ ያድጋል። ይህ የሽፋኑን ስፋት ስለሚጨምር ብዙ ምግብ በፍጥነት ይገባል። ቅጠል ላይ በፀሐይ የተሠራው ስኳር ወደ ፍሬው መሄዱን ትቶ ወደዚህ ይፈስሳል።

በዓይናችን የምናየው እባጭ ደግሞ ሌላ ነው። በግዙፎቹ ሴሎች ዙሪያ ያሉት ተራ ሴሎች ተነሳስተው ይበዛሉ፣ ያብጣሉ። እባጩ ሽፋኑ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጡ ነው።

ያን ሁሉ ከሚደክም ለምን ዝም ብሎ ሴሉን አይበላም?

የዚያ ዓይነትም አሉ። ሴል ወግተው፣ መጥጠው፣ ገድለው ወደሚቀጥለው የሚሄዱ ኔማቶዶች ብዙ ናቸው። በአገራችን እንሰት ላይ የሚታወቀው ፕራታይለንከስ ጉድየይ እንደዚያ ነው። በስሩ ውስጥ እየተዘዋወረ ይበላል፣ ያለፈበት ቦታ እየጠቆረ ይበሰብሳል።

ስር አሳባጩ የመረጠው መንገድ ሌላ ነው። አንድ ቦታ ተቀምጦ ሳምንታት ይበላል። ሴቷ መመገብ ከጀመረች በኋላ የመንቀሳቀሻ ጡንቻዎቿን ታጣለች። ሰውነቷ ይወፍርና የሸክላ ማሰሮ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ቦታ መቀየር አትችልም። የመረጠቻቸው ሴሎች ከሞቱ እሷም አለቀላት። ለዚህ ነው ሴሎቹን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቃቸው። በምላሹ የምታገኘው ትልቅ ነው። አንዷ ሴት ከ300 እስከ 1,000 የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥላለች። እንቁላሎቹን ሙጫ በመሰለ ነገር ጠቅልላ ብዙ ጊዜ ከእባጩ ውጭ በኩል ታስቀምጣቸዋለች። አፈሩ ሞቃት ከሆነ፣ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ከእንቁላል እስከ እንቁላል ወር አይሞላም። በአንድ የቲማቲም ወቅት ስንት ትውልድ እንደሚፈራረቅ አስቡት።

ትሉ ተክሉን በምንድን ነው የሚያዘው?

በፕሮቲኖች። ትሉ ጉሮሮው ላይ 3 ዕጢዎች አሉት። ሁለቱ መግቢያ ላይ ይበልጥ ይሠራሉ፤ ግድግዳ የሚያላሉት ኢንዛይሞች በብዛት ከነሱ ናቸው። ሦስተኛው ከተቀመጠ በኋላ ይጎለብታል። ከነዚህ የሚወጡት ፕሮቲኖች ተክሉ ሴል ውስጥ ገብተው እንደ ትእዛዝ ያገለግላሉ።

አንዳንዶቹ መከላከያውን ያዳክማሉ። ተክል ጥቃት ሲሰማው ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል የማንቂያ ኬሚካል ያመርታል። ትሉ ኮሪስሜት ሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይለቃል። ይህ ኢንዛይም የማንቂያው ጥሬ ዕቃ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲሄድ ያደርጋል ተብሎ ይታሰባል። ደወሉ ሳይጮህ ሽቦውን መቁረጥ በሉት።

ሌሎቹ በቀጥታ የተክሉን የእድገት ሥርዓት ይነካሉ። አንዱ 16ዲ10 የሚል መለያ የተሰጠው፣ ከ13 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ ትንሽዬ ፔፕታይድ ነው። ተክሉ ውስጥ የስር እድገትን ከሚመሩ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። በ2006 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ የምትባለውን የላብራቶሪ ተክል ይህን የትሉን ጂን ዝም የሚያሰኝ አርኤንኤ እንድታመርት አደረጓት። ትሉ ከተክሏ ሲመገብ አርኤንኤውን አብሮ ዋጠው። አራት ዋና ዋና የስር አሳባጭ ዝርያዎች ላይ ተሞክሮ እባጩ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። አንዲት ይህን ያህል ትንሽ ሞለኪውል ያን ያህል ወሳኝ መሆኗ እኔን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ሆርሞንም አለ። ኦክሲን ስር የት እንደሚወጣ፣ ሴል መቼ እንደሚያድግ የሚወስን የተክል ሆርሞን ነው። ትሉ በተቀመጠበት ቦታ ገና ከመነሻው ኦክሲን ይከማቻል። ኦክሲንን ከሴል ወደ ሴል የሚያሳልፉት በሮች አቀማመጣቸው ይቀየራል። ከረጢት ሠሪ የሚባሉት የቅርብ ወገኖቹ ደግሞ ሳይቶካይኒን የተባለውን ሆርሞን ራሳቸው እንደሚሠሩ በ2015 ታይቷል።

እንግዲህ ትሉ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ሴልን የመክፈል፣ ሆርሞንን የማከማቸት፣ ግድግዳን የማስፋት ችሎታው ሁሉ የተክሉ ነው። ትሉ የሚያደርገው ያንን ችሎታ ቦታውንና ሰዓቱን ቀይሮ ማስነሳት ነው።

እነዚህን ኢንዛይሞች ከየት አመጣቸው?

የተክል ግድግዳ የተሠራው ከሴሉሎስ ነው። እንስሳት ሴሉሎስን የሚፈጭ ኢንዛይም ራሳቸው አይሠሩም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ላም እንኳ ሳሩን የምትፈጨው ሆዷ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ነፍሳት አማካይነት ነው። በ1998 ግን ከረጢት ሠሪ ኔማቶዶች ኢንዛይሙን በራሳቸው ጂን እንደሚሠሩ ተረጋገጠ። ጂኑ ከባክቴሪያ ጂን ጋር በጣም ይመሳሰላል። የሚሰጠው ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ከብዙ ዘመን በፊት የትሎቹ ቅድመ አያቶች ይህን ጂን ከአፈር ባክቴሪያ ወስደዋል። ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን ከጎረቤት የተወሰደ ጂን ማለት ነው። በ2008 የኢንኮግኒታ ሙሉ የዘር መረጃ ሲነበብም በደርዘን የሚቆጠሩ ግድግዳ የሚያላሉ ኢንዛይሞች ተገኝተዋል።

ከረጢት ሠሪዎቹ የሚለዩት በምንድን ነው?

ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ መንገዱ ይለያል። ከረጢት ሠሪው ሴሎችን እየሰበረ ይገባና አንድ ሴል ይመርጣል። ከዚያ በዚያ ሴልና በጎረቤቶቹ መካከል ያለው ግድግዳ እየሟሟ ይከፈታል። በመቶ የሚቆጠሩ ሴሎች ተቀላቅለው አንድ ትልቅ ክፍል ይሆናሉ። እዚህ ኒውክለሶቹ የበዙት ሴሎቹ ስለተዋሃዱ ነው እንጂ ስለተከፈሉ አይደለም።

ሴቷ ስትሞት ቆዳዋ ጠንክሮ እንቁላሎቿን የያዘ ከረጢት ይሆናል። የድንች ከረጢት ሠሪ እንቁላል በዚህ መልክ አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። አውሮፓ ውስጥ የዘር ድንች ሲዘዋወር ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረገው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ወንዱስ?

ኢንኮግኒታ ያለ ወንድ ይራባል። ሴቷ ብቻዋን ትበቃለች። ምግብ ሲጠብ ወይም ስሩ በትል ሲጨናነቅ ግን ወንዶች ይበዛሉ። ወንዱ ቀጭን ሆኖ ከስሩ ወጥቶ ይሄዳል፣ አይመገብም። ለተጨናነቀ ስር ሸክም መቀነሻ ነው።

ተክሉ ዝም ብሎ ያያል?

አያይም። ብዙ ጊዜ ይሸነፋል እንጂ። የሚያሸንፍበትም አለ። ዋናው ምሳሌ ኤምአይ-1 የተባለው የቲማቲም ጂን ነው። ጂኑ የተገኘው ከፔሩ የዱር ቲማቲም ነው። በ1940ዎቹ ተመራማሪዎች የዱሩንና የቤቱን ቲማቲም አዳቀሉ። ዘሩ በራሱ ሊያድግ ስላልቻለ ፅንሱን አውጥተው ላብራቶሪ ውስጥ አሳደጉት። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ኔማቶድ የሚቋቋም ቲማቲም በአብዛኛው ምንጩ ከዚያ ነው። ጂኑ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1998 ነው።

አሠራሩ ብልህ ነው። ትሉ ገብቶ ምግብ ቦታውን ሊሠራ ሲጀምር፣ ጭንቅላቱ አካባቢ ያሉት ሴሎች ራሳቸውን ይገድላሉ። ትሉ የሚፈልገው በሕይወት ያለ ሴል ነው። የሞተ ሴል ላይ ተቀምጦ በረሃብ ያልቃል።

ሁለት ድክመት ግን አለው። የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ጂኑ ሥራውን ያቆማል። ቆላ አካባቢ ለምታለሙ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት ቲማቲም በየዓመቱ ስትተክሉ ጂኑን የሚያልፉ ትሎች እየተመረጡ ይበዛሉ።

አሜሪካ ሆናችሁ ጓሮ የምታለሙ ካላችሁ የዘር ፓኬቱ ላይ «ቪ ኤፍ ኤን» የሚሉ ፊደላት ፈልጉ። «ኤን» የምትለው ኔማቶድን ይቋቋማል ማለት ነው።

ማሳዬ ውስጥ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

ከላይ የሚታየው ምልክት ያሳስታል። ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቀን ፀሐይ ሲበረታ ይጠወልግና ማታ ቀና ይላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ውሃ ይጨምራል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ተክሉ አይድንም። ማዳበሪያው ቢኖርም የታመመው ስር በቂ አይወስድም። የወሰደውም በከፊል ለትሉ ይደርሳል። በማሳው ውስጥ ችግሩ ቦታ ቦታ ሆኖ መታየቱ አንድ ፍንጭ ነው።

መፍትሔው መንቀል ነው። አንድ ሁለት ተክል መሥዋዕት አድርጉ። ጎትታችሁ አትንቀሉ፤ ቀጫጭኑ ስር አፈር ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን ቆፍራችሁ አውጡና በውሃ እጠቡት።

ባቄላና አደንጓሬ ላይ ያለው እባጭስ? እሱም ኔማቶድ ነው?

ይህን በደንብ መለየት ያስፈልጋል፤ ጠቃሚውን ጎጂ ነው ብሎ የሚነቅል ሰው አለና። የጥራጥሬ ስር ላይ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት እባጭ አለ። እሱ ከስሩ ጎን የተለጠፈ ነው፤ በጣት ስትገፉት ይላቀቃል። ሲሠራ ከቆየ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ነው። የኔማቶዱ እባጭ ግን ስሩ ራሱ ነው ያበጠው። ስሩን ሳትበጥሱ ልታላቅቁት አትችሉም። ውስጡም ሮዝ አይሆንም።

አንድ ተክል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። እየለያችሁ እዩ።

ስሙ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ዝርያ አለ ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ሜሎይዶጋይን ኢትዮፒካ ይባላል። ኤ. ጂ. ኋይትሄድ በ1968 የገለጸው ሲሆን የመግለጫው ናሙና የመጣው ከታንዛኒያ ቲማቲም ነው። በኢትዮጵያም ይገኛል። ደቡብ አሜሪካም ደርሷል፤ ቺሊ ውስጥ የወይን ተክልን፣ ብራዚል ውስጥ ኪዊን ያጠቃል። አውሮፓ ውስጥ ተገኘ ተብሎ የነበረው ግን በኋላ ሲመረመር ሌላ የቅርብ ዝርያ፣ ሜሎይዶጋይን ሉሲ፣ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ትሎች በመልክ በጣም ስለሚመሳሰሉ በሞለኪውል ምርመራ ካልሆነ መለየት ከባድ ነው። በአገራችን የአትክልት ማሳዎች ላይ በብዛት የሚገኙት ግን ኢንኮግኒታና ሌላው ዝርያ ሜሎይዶጋይን ጃቫኒካ ናቸው።

ያበጠ ካሮት ወይም ድንች ብበላ ይጎዳኛል?

አይጎዳችሁም። የተክል ኔማቶድ ሰው ውስጥ አይኖርም። መልኩ አያምርም፣ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ ጤና ላይ ግን ችግር የለውም። የካሮቱን ልጣጭ ብቻ መልሳችሁ ማሳ ላይ አትድፉ።

ምን ባደርግ ይሻላል?

አንድ ጊዜ ከገባ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ቁጥሩን ማውረድ ግን ይቻላል።

ከሁሉም በላይ የማምነው ችግኝ ላይ መጠንቀቅን ነው። ትሉ በራሱ ጉልበት ሩቅ አይሄድም። የሚሄደው እኛ ስናጓጉዘው ነው፤ በችግኝ ስር፣ በመቆፈሪያ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፣ በመስኖ ውሃ፣ በጫማ። ችግኝ ስትገዙ የጥቂቶቹን ስር ሳታዩ አትክፈሉ። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው። ከታመመ ማሳ ስትወጡ መሣሪያውን እጠቡ።

ሰብል ካነሳችሁ በኋላ ስሩን ማሳ ላይ አትተዉ። እንቁላሉ ያለው እዚያ ነው። ነቅላችሁ አድርቃችሁ አቃጥሉት። ወደ ኮምፖስት ጉድጓድም አትጨምሩት።

የሰብል ፈረቃ ይሠራል፤ ግን ያልታሰበበት ፈረቃ አይሠራም። ቲማቲም አንስቶ ቃሪያ፣ ከዚያ ዱባ፣ ከዚያ ጎመን መትከል ለትሉ ድግስ መቀጠል ነው፤ ሁሉንም ሊመገብ ይችላልና። በቆሎም ቢሆን ለአንዳንዶቹ ዝርያዎች ምግብ ነው። ስለዚህ ዝርያውን አስለይቶ በዚያ መሠረት መምረጥ ይሻላል። ማሳውን አርሶ በበጋ ባዶ መተውም ብዙ ልጅ ትሎችን በረሃብና በድርቀት ይገድላል፤ አረም ካልበቀለበት። አረም ከበቀለ ትሉ እሱን እየበላ ይቆያል።

ትንሽ መደብ ወይም የችግኝ ቦታ ላላቸው አፈር በፀሐይ ማፍላት ጥሩ ዘዴ ነው። እስራኤል ውስጥ ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ያስተዋወቁት ነው። አፈሩን አጠጡት፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ጠርዙን በአፈር ቅበሩት፣ በዓመቱ ሞቃት ወቅት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተዉት። ጥቁር ፕላስቲክ የዚህን ያህል አያሞቅም። ጥልቅ ውስጥ ያሉት ሊተርፉ ይችላሉ፤ ችግኙ ግን ስሩ እስኪጠነክር ፋታ ያገኛል።

ማሪጎልድ የምትባለው ብርቱካናማ አበባ ስሯ ኔማቶድ የሚጎዳ ኬሚካል አለው። በረድፍ መሀል ጣል ጣል ማድረግ ብዙም አይጠቅምም። ማሳውን ሸፍና ለ2 ወይም 3 ወር ብቻዋን ስትበቅል ነው የምትሠራው።

ኬሚካልን በተመለከተ፣ ድሮ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ለእርሻ እንዲቀር ተደርጓል። ከቀሩት ብዙዎቹ የድሮ ፀረ ኔማቶዶች ለሰውም በጣም መርዛማ ናቸው። ያለ ባለሙያ ምክር፣ ያለ ጓንትና ጭምብል እንዳትነኳቸው። የትሉን እንቁላል የሚበሉ ፈንገሶችና ትሉን የሚያመክን ፓስቴውሪያ የሚባል ባክቴሪያም አሉ፤ በአንዳንድ አገሮች ተዘጋጅተው ይሸጣሉ።

ናሙና ወስጄ ላስመርምር ብል እንዴት ነው?

ክፉኛ ከታመመውና ከሞተው ተክል አትውሰዱ። ትሉ ከሞተ ስር ለቅቆ ይሄዳል። ጤነኛውና የታመመው ከሚዋሰኑበት ቦታ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፣ ስሩን ከነአፈሩ ውሰዱ። ከበርካታ ቦታ የሰበሰባችሁትን አንድ ላይ ቀላቅሉ። ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ውሃ አትጨምሩበት፣ እንዲደርቅም አትተዉት። ፀሐይ ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ ከቆየ ትሎቹ ይሞታሉ፣ ምርመራውም ባዶ ይሆናል። ወረቀት ላይ የሰብሉን ዓይነት፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ ከፌስታሉ ውጭ እሰሩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ካላችሁ መጀመሪያ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ አናግሩ፤ ወደ አካባቢው የእጽዋት ጤና ክሊኒክ ወይም ወደ ግብርና ምርምር ማዕከል ሊመራችሁ ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ የካውንቲያችሁን የኤክስቴንሽን ቢሮ ጠይቁ። በብዙ ግዛቶች ከዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ የኔማቶድ ላብራቶሪ አለ፤ የናሙና ቅጽና ዋጋውን እነሱ ይነግሯችኋል። ውጤቱ ሲመጣ ከትሉ ብዛት በተጨማሪ የዝርያውን ስም ጠይቁ። ቀጥሎ የምትዘሩትን የምትመርጡት በእሱ ነው።